ሰማዩ ሲዳምን ዛፉ ለምን ይጠቁራል?

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ፎቶግራፍ ነው። ምስል በማይታይበት ሬዲዮ ስለ ምስል ማውራት ድፍረት ሊመስል ይችላል፤ ግን ነገሩ የብርሃን ጉዳይ ስለሆነ በጆሮም ይያዛል። ክረምት ገብቶ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ሲዳምን ሰው ችግኝ ይተክልና በስልኩ ፎቶ ያነሳል። ችግኙ ቅጠሉ እስኪቆጠር ጥርት ብሎ ይወጣል። ያው ሰው እዚያው ቆሞ፣ በዚያው ስልክ፣ ቀና ብሎ አጠገቡ ያለውን ትልቅ ዝግባ ሲያነሳ ግን የሚያገኘው ነጭ ሰማይ ላይ የተለጠፈ ጥቁር ቅርጽ ነው። ቀኑም ስልኩም አልተለወጡም። እንዲህ ሲሆን ገሚሱ ስልኩን ይወቅሳል፤ ገሚሱ ደመናውን። እኔ ሁለቱም ንጹሐን ናቸው ባይ ነኝ። ዛፉን ያጠቆረው ሰማዩን ከጀርባው አድርገን መቆማችን ነው፤ መፍትሔውም ያለው በአቋቋማችንና በሰማዩ ላይ በምንወስነው ውሳኔ ነው። ይህን ላስረዳ፤ ከዚያም የሚነሱ ተቃውሞዎችን በየተራ አያለሁ።

ፀሐይ ባለበት ቀን ብርሃን የሚመጣው በዋናነት ከአንድ አቅጣጫ ነው። ፀሐይን ከኋላችን ካደረግን የዛፉን ፊት ትመታዋለች፤ ከዛፉ ጀርባ ያለው ሰማያዊ ሰማይም ከቅጠሉ ድምቀት እምብዛም አይርቅም። ደመና ሲሸፍናት ነገሩ ይገለበጣል። ብርሃኗ በደመናው ውስጥ ባሉት የውሃ ጠብታዎች እየተበተነ ስለሚወርድ፣ የሚያበራልን ሰማዩ ራሱ ይሆናል፣ በሙሉ ስፋቱ። እንግዲህ በዳመነ ቀን ዛፍን ከሰማይ ፊት አቁሞ ፎቶ ማንሳት፣ ቤት ውስጥ ሰውን ለመስኮት ጀርባውን አሰጥቶ እንደማንሳት ነው። የሰውየው ፊት ለምን ጠቆረ ብሎ የሚገረም የለም፤ በዛፉ የምንገረመው የዳመነ ሰማይ የብርሃን ምንጭ መሆኑን ስለማናስተውል ብቻ ነው። ማስረጃ የሚፈልግ አንድ ነጭ ወረቀት ይዞ ይውጣ። ወረቀቱን ከፊቱ ቀጥ አድርጎ ያንሳውና ከጀርባው ሰማዩ ብቻ እንዲታይ ያድርግ። ያ ነጭ ወረቀት ግራጫ ሆኖ ይታየዋል። ወደ እኛ የዞረው የወረቀቱ ገጽ ብርሃን የሚያገኘው ከእኛ በስተጀርባ ካለው የሰማይ ግማሽ ብቻ ነው፤ የቀረው ግማሽ ዕይታው መሬት ነው፣ መሬት ደግሞ ጨለም ያለ ነው። ነጭ ወረቀት እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ ቅጠል ምን ሊሆን ነው?

እስቲ በግምት እናስላው። አረንጓዴ ቅጠል ካረፈበት የሚታይ ብርሃን መልሶ የሚልከው አሥር በመቶ አካባቢ ብቻ ነው፤ ቀዩንና ሰማያዊውን ብርሃን ለምግቡ ይውጠዋል፣ ከአረንጓዴው የተወሰነውን ይመልሳል። ይህ አንድ አሥረኛ ሆነ። ወደ እኛ የዞረው የዛፉ ጎን ደግሞ የሚያየው የሰማዩን ግማሽ ስለሆነ፣ ሰማዩ በሁሉም በኩል እኩል ያበራል ብንል፣ ቅጠሉ ከሰማዩ ድምቀት አንድ ሃያኛ ያህል ብቻ ይኖረዋል። ፎቶ አንሺዎች ብርሃንን በእጥፍ ይቆጥራሉ፤ አንዷን እጥፍ ስቶፕ ይሏታል። ሃያ እጥፍ ማለት ከአራት ስቶፕ በላይ ነው። በዛፉ ውስጠኛ ክፍል፣ ቅጠል በቅጠል ላይ በተደራረበበት፣ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ግምት መታረም አለበት። ደመናው ሲወፍርና ቀኑ ሲጨልም ሰማዩ ስለሚደበዝዝ ዛፉ የሚሻለው ይመስለናል። አይሻለውም። የዛፉ ብርሃን ከዚያው ሰማይ የሚመጣ ስለሆነ ሰማዩ በግማሽ ሲደበዝዝ ዛፉም በግማሽ ይደበዝዛል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ባለበት ይቆያል። ስስ ደመና ብንጠብቅም ወፍራም፣ ያው ነው።

ወደ ካሜራው እንምጣ። በካሜራው ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ የተሠራው ከፊቱ ያለው ነገር ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ እንዲያስብ ነው። በሙያው ዘንድ የሚጠቀሰው ቁጥር አሥራ ስምንት በመቶ ነው፤ ካረፈበት ብርሃን አሥራ ስምንት በመቶውን የሚመልስ ግራጫ ማለት ነው። ለአብዛኛው የዕለት ተዕለት ትዕይንት ይህ ግምት መልካም ነው። ከፎቶው አብዛኛው ክፍል የሚያበራ ሰማይ ሲሆን ግን መለኪያው ያንን ሰማይ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማውረድ ብርሃኑን ይቀንሳል። ሰማዩ ግራጫ ሲሆን ዛፉ ከእሱ አራት ስቶፕ ወርዶ ጥቁር ይሆናል። መሣሪያው የታዘዘውን ነው የሠራው። የዘመኑ ስልኮች የሰው ፊት ካገኙ ለፊቱ ያደላሉ፤ ዛፍ እንዲህ ያለ ዕድል እምብዛም ስለሌለው ማድላቱ የእኛ ፈንታ ነው። በአብዛኞቹ ስልኮች የዛፉን ጠቆር ያለ ክፍል በጣት መንካት፣ ከዚያም ብቅ የምትለውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ መግፋት ነው። ካሜራ ያለው ሰው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን መቆጣጠሪያ ወደ መደመር ያዞራል፤ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ስቶፕ መነሻ ይሁነው። ሰማዩ ነጭ ይሆናል፣ ዛፉ ቅርፊቱንና ቅጠሉን ያሳያል። ቁጥሩ ለሁሉም ዛፍ አንድ አይደለም። ቅጠሉ ጥቅጥቅና ጥቁር አረንጓዴ የሆነ ጽድ ብዙ ይፈልጋል፤ ለጋ ቅጠሉ ወደ አመድማ ሰማያዊ የሚያደላው ነጭ ባህር ዛፍ ደግሞ ያነሰ ይበቃዋል።

እስካሁን ሰማዩ እኩል ያበራል ብለን ነበር። እንደ እውነቱ ከሆነ እኩል አያበራም፤ ለፎቶ አንሺ ትልቁ ጥቅም ያለውም እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ፓሪ ሙንና ዶሚና ስፔንሰር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሙሉ በሙሉ የዳመነ ሰማይ ብርሃኑ እንዴት እንደሚከፋፈል የሚገልጽ ቀመር አወጡ። በቀመሩ መሠረት አናታችን ላይ ያለው ሰማይ ከአድማሱ አካባቢ ካለው ሦስት እጥፍ ይደምቃል። ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1955 ቀመሩን ተቀብሎታል፤ አርክቴክቶችም በመስኮት ወደ ክፍል የሚገባውን ብርሃን ለማስላት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ለሕንፃ የተሠራ ስሌት ነው፤ ለዛፍ ግን የሚነግረን አለ። ሦስት እጥፍ ማለት አንድ ስቶፕ ተኩል ገደማ ነው። ዛፍ ሥር ተጠግቶ ስልኩን ወደ ላይ የሚያቀና ሰው እጅግ የደመቀውን ሰማይ ከጀርባ ያደርጋል፤ በዚያ ላይ የሚያየው የቅጠሎቹን የታች ገጽ ነው፣ እሱም ብርሃን የሚያገኘው ከመሬት ተመልሶ ከሚመጣው ጭላንጭልና ቅጠሉን ሰንጥቆ ከሚያልፈው ጥቂት ነው። ከሁሉ የከፋው አቋቋም ይህ ነው፤ አሳዛኙ ነገር፣ ሰው የዛፍን ግዝፈት ለማሳየት በመጀመሪያ የሚያስበው አቋቋምም ይኸው ነው። ወደ ኋላ ራቅ ብሎ፣ ካሜራውን አግድም ይዞ ያነሳ ሰው ግን ከዛፉ ጀርባ የሚገባው የአድማሱ ሰማይ ስለሆነ ልዩነቱ ወደ ሦስት ስቶፕ ተኩል ይወርድለታል። አንድም ቁልፍ ሳይነካ፣ በእግሩ ብቻ።

እግር ካነሳን ደግሞ ከዚህም የተሻለ አለ፤ ሰማዩን ጨርሶ ማስወጣት። ደጋው አገራችን ለዚህ የተሠራ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እንጦጦም ሆነ ወጨጫ፣ ተዳፋት ባለበት ቦታ ሁሉ ከዛፉ ከፍ ብሎ መቆም ይቻላል። ከላይ ሆነን ስናይ ከዛፉ ጀርባ የሚገባው ማዶ ያለው ጋራ ወይም ከታች ያለው ማሳ ነው፤ ወደ እኛ የሚዞረውም ሰማዩን በሙሉ ስፋቱ የሚያየው የዛፉ አናት ነው። ያ ሁሉ ስሌት በአንዴ ይገለበጥልናል፤ የብርሃኑ ምንጭ ከዛፉ ጀርባ ወጥቶ ከእኛ በላይ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ የጠቀስነው ችግኝ ጥርት ብሎ የወጣው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቁልቁል ስለምናየው ከጀርባው ያለው የተቆፈረ አፈር ነው። ከተማ ውስጥም ሦስተኛ ወይም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ በረንዳ የተዳፋቱን ሥራ ይሠራል። ተዳፋትም ፎቅም በሌለበት ሜዳ ላይ ዛፉን ዞር ዞር ብሎ ማየት ነው፤ ከአንዱ በኩል ከጀርባው ሌላ ዛፍ ወይም የቤት ግድግዳ አይጠፋም።

አንድ አድማጭ እዚህ ላይ እንዲህ ሊል ይችላል፦ ዓይኔ ዛፉንም ሰማዩንም እኩል ያያል፤ አዲሱ ስልኬም ኤችዲአር የሚባለው አለው፣ ብዙ ፎቶ በአንድ ጊዜ አንስቶ ያዋህዳል፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ለምንድን ነው? የመጀመሪያው ክፍል እውነት አለው። ዓይን ከሰማዩ ወደ ቅጠሉ፣ ከቅጠሉ ወደ ሰማዩ ሲመላለስ በየጊዜው ራሱን ያስተካክላል፤ አእምሮም ያንን ሁሉ ቁርጥራጭ አንድ ትዕይንት አድርጎ ያቀርብልናል። ማዋሃዱም ጥንታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ የነበረው የፎቶ መስታወት ሰማያዊ ብርሃን እጅግ ቶሎ ስለሚነካው ሰማይ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነጭ ሆኖ ይወጣ ነበር። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ የባሕር ፎቶዎቹን ሲሠራ፣ ለአንዳንዶቹ ባሕሩን ከአንድ ኔጋቲቭ፣ ሰማዩን ከሌላ ኔጋቲቭ አትሞ አንድ ምስል አደረጋቸው። ዛሬ ስልክ በሰከንድ ክፍልፋይ የሚሠራው የዚያ ወንድም ነው። ለ ግሬ ግን የደከመው የሚያድነው ነገር ስለነበረው ነው፤ የተቆለሉ ደመናዎች፣ በመካከላቸው የሚያበራ ጨረር። ከዳር እስከ ዳር ወጥ ሆኖ የዳመነ ሰማይ ውስጥ የሚድን ምን አለ? ኤችዲአር ነጩን ሰማይ ወደ ግራጫ ያወርድልናል፣ ከዚያ በላይ የሚጨምርልን የለም። ባዶ ነጭ በባዶ ግራጫ ተተካ። በዚያ ላይ ዛፍ ዝም ብሎ አይቆምም፤ ነፋስ ሲያወዛውዘው በአንዱ ፎቶ ያለው ቅጠል በሌላው ቦታውን ይለቃል፣ ሲዋሃዱም ጫፉ ይደበዝዛል ወይም ሁለት ሆኖ ይታያል። አንዳንዴም በቅርንጫፎቹ ዙሪያ የማይገባ የብርሃን አክሊል ይቀራል። ሰማዩ የተለያየ ደመና ሲኖረው፣ ዝናብ አዝሎ ሲጠቁር፣ ኤችዲአርን አብሩት፤ ያኔ ዋጋ አለው። ወጥ ነጭ ሲሆን ግን መሣሪያው ውሳኔያችንን አይወስድልንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ የተለመደ ነው፦ ታዲያ ለምን ፀሐይ እስክትወጣ አንጠብቅም? ሜዳ ላይ ብቻውን ለቆመ ዋርካ ይህ ምክር ጥሩ ሊሆን ይችላል። ለጫካ ግን ስህተት ነው። ፀሐይ በቅጠሎች መሐል ሾልካ ስትገባ ግንዱንና መሬቱን ዥጉርጉር ታደርገዋለች፤ ፀሐይ በመታው ቅጠልና በጥላ ውስጥ ባለው መካከል ያለው ርቀት ቅድም ካሰላነው የሰማይና የዛፍ ርቀት ሊበልጥ ይችላል። ጥቁር ቅርጽ ሆኖ ከወጣ ዛፍ ይልቅ በጥላ የተቆራረጠ ዛፍ ለማንበብ ይከብዳል። የአሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ኤልዮት ፖርተር፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ሲየራ ክለብ የተባለው የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ያሳተመለት መጽሐፍ በቀለም ፎቶግራፍ ታሪክ ትልቅ ቦታ አለው። ፖርተር ለጫካ ሥራው የሚመርጠው ጥላ የማይጥለውን የዳመነ ቀን ለስላሳ ብርሃን ነበር፤ በብዙዎቹ የጫካ ምስሎቹ ውስጥ ደግሞ ሰማይ የለም። ይህ ሁለተኛው ነገር ከመጀመሪያው ተነጥሎ አይታይም፤ ያን ብርሃን ሊጠቀምበት የቻለው ምንጩን ከፎቶው ስላስወጣ ነው። በጎንደርና በጎጃም፣ እርሻ በከበባቸው ደብሮች ዙሪያ የቀሩትን የዝግባና የወይራ ደኖች ማንሳት የሚፈልግ ሰውም ክረምቱን አይሽሽ። ከውጭ ሆኖ የደኑን አናት ከሰማይ ጋር ከሚያነሳ ይልቅ ገባ ብሎ በቁመቱ ልክ አግድም ይመልከት፤ ግንድ ከግንድ ጀርባ ይገባል፣ የዛፍ ሽበቱ፣ ቅርፊቱ ሁሉ በዝናብ ርሶ ቀለሙ ይጎላል። እርጥብ ቅጠል የሰማዩን ነጭ እንደ መስታወት ስለሚያንጸባርቅ፣ ካሜራ ያለው ሰው ፖላራይዘር የተባለውን ማጣሪያ ሌንሱ ላይ አድርጎ ቢያዞረው ያ ነጭ ብልጭታ ይቀንስና አረንጓዴው ይወጣል። ብዙዎች ፖላራይዘር ለሰማያዊ ሰማይ ብቻ ይመስላቸዋል። በዳመነ ሰማይ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም፤ ጥቅሙ በቅጠሉ ላይ ነው።

እስካሁን ሰማዩን እንደ ባላጋራ አድርጌ ነው የተናገርኩት። ሁልጊዜ እንዲያ አይደለም። ጀርመናውያኑ ባልና ሚስት በርንድና ሂላ ቤኸር ለአሥርት ዓመታት የውሃ ማማዎችንና የብረት ማቅለጫ ምድጃዎችን ሲያነሱ ሆን ብለው የዳመነ ቀን ይጠብቁ ነበር፤ ወጡ ሰማይ የሕንፃውን ቅርጽ ብቻ ለይቶ ስለሚያወጣላቸው። ደቡብ ኮሪያዊው ሚዮንግ ሆ ሊ ደግሞ ሜዳ ላይ ከቆመ ዛፍ ጀርባ ግዙፍ ነጭ ሸራ በክሬንና በብዙ ሰው ጉልበት እያስወጠረ ዛፍ የሚያነሳ ፎቶ አንሺ ነው። ዛፉ በነጩ ላይ ተነጥሎ ሲታይ፣ በየቀኑ የምናልፈው ዛፍ ቁም ሥዕል የተሣለለት ሰው ያህል ክብር ያገኛል። ያንን ሸራ የክረምቱ ሰማይ በነፃ ይወጥርልናል። ቅርንጫፉ በሰፊው የተዘረጋ ግራር ወይም ቅጠሉን ያረገፈ ዛፍ በነጭ ላይ ሲያርፍ የቅርንጫፉ ሐረግ ሁሉ ይነበባል፤ ጥቁር ቅርጽ ብቻ ይሁን ብሎ መተውም አንድ ምርጫ ነው። ቁም ነገሩ ቆርጦ መግባት ላይ ነው። ሰማዩ ከገባ በሰፊው ይግባ፣ ካልገባ ፈጽሞ አይግባ። ከሁሉ የማይሆነው በቅጠሎች መሐል በየቦታው ብልጭ ብልጭ የሚል የሰማይ ቁርጥራጭ ነው፤ ዓይን ሁልጊዜ ወደ ደማቁ ስለሚሮጥ ተመልካቹ ዛፉን ትቶ ቀዳዳዎቹን ሲቆጥር ይውላል። አናቱ የሳሳ ባህር ዛፍ በዚህ የታወቀ ነው፤ እሱን ከጋራ ጋር እንጂ ከሰማይ ጋር ማንሳት ድካም ነው።

ሰማዩን በስልክ መተግበሪያ መለወጥስ? በአንድ ንክኪ ነጩን አውጥቶ ሰማያዊና ጥጥ ደመና የሚያስገባ አለ። ሐሰት ነው የሚለውን ክርክር ልተወውና ከብርሃኑ ብቻ ልነሳ። ሰማያዊ ሰማይ ካለ ፀሐይ አለች፤ ፀሐይ ካለች የዛፉ አንዱ ጎን ይበራል፣ ከሥሩም ጥላ ይወድቃል። በዳመነ ቀን የተነሳው ዛፍ ሁለቱም የሉትም። ተመልካቹ ምክንያቱን ባይናገር እንኳ አንድ ነገር እንዳልተገጣጠመ ያውቀዋል።

የሚቀረው ምን ያህል እናብራ የሚለው ነው፤ ሁለት ስቶፕ ስል ጣሪያ የሌለው ነገር አይደለም። ብርሃኑን በጨመርን ቁጥር ነጩ ሰማይ ከዳር ወደ ውስጥ እየተስፋፋ ቀጫጭኑን ቅርንጫፍ ይበላዋል፤ ጫፎቹ ይሳሳሉ፣ ከዚያም ይጠፋሉ። በርካሽ ሌንሶች ላይ በቅርንጫፎቹ ዳር ወይን ጠጅ መሰል መስመር ይወጣል፤ ከሌንሱ ውስጥ የሚንጸባረቀው ብርሃንም በዛፉ ላይ ስስ ጉም ይጥልና ጥቁሩን ያደበዝዘዋል። ሮው በተባለው ጥሬ የምስል ፋይል የሚያነሳና ቆይቶ በኮምፒዩተር የሚያስተካክል ሰው ስለዚህ ያን ያህል አይጨምር፤ አንድ ስቶፕ ጨምሮ የዛፉን ጥቁር በኋላ ማውጣት ይችላል፣ ፈጽሞ ሳይጨምር ቢያነሳ ግን የሚያወጣው ጥቁር በቀለም ነጠብጣብ የተሞላ ይሆናል። በስልክ የሚያነሳ ደግሞ ሂስቶግራም የተባለው የብርሃን ስርጭት ግራፍ አያስፈልገውም። ካነሳ በኋላ ፎቶውን በሁለት ጣት ከፈት አድርጎ የዛፉን የላይኛውን ዳር ይይ። ቀጫጭኖቹ ቅርንጫፎች እስከ ጫፋቸው ካሉ ልክ ነው፤ መሐል ላይ ተቆርጠው ከቀሩ የፀሐይዋን ምልክት ትንሽ ዝቅ አድርጎ፣ ነፋሱ ጋብ እስኪል ጠብቆ፣ ደግሞ ያንሳ።